ሪቨርሳይድ ታውንሺፕ፦ ቁጥሩ ቆሞ ሰዉ የሚቀያየርባት

«ሪቨርሳይድ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ከ300,000 በላይ ሕዝብ ያላትን የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ስለ እሷ አይደለም። ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ በርሊንግተን ካውንቲ፣ ራንኮካስ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ከትልቁ ደላዌር ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ ስላለችው ታውንሺፕ ነው። ከደላዌር ማዶ የፊላደልፊያ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ አለ።

(ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 ቆጠራ 7,911፣ በ2010 8,079፣ በ2020 ደግሞ 8,003 ሰው ተመዝግቦባታል። በሃያ ዓመት የጨመረው 92 ሰው ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው ቦታዋ ፀጥ ያለች፣ ምንም የማይለወጥባት ሊመስለው ይችላል። ግን ቁጥሩ የሚነግረን የመሬቱን ጠባብነት እንጂ የሕዝቡን ታሪክ አይደለም።

የየብሱ ስፋት አራት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ2,000 በላይ ሰው ይኖራል ማለት ነው፤ ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ግቢዎቹ ጠባብ ናቸው። በአንድ በኩል ራንኮካስ ያግዳታል፣ ከእሱ ማዶ ዴላንኮ ነው። በሌላው በኩል ዴልራን ይዟታል። (ሁለቱም ስሞች ከደላዌርና ከራንኮካስ ተቆርጠው የተገጣጠሙ ናቸው፤ ሰው የሚያምታቱትም በዚሁ ነው።) ሪቨርሳይድ ራሷ ከዴልራን ተቆርጣ የወጣችው በ1895 ነው። አዲስ ሰፈር የሚሠራበት ባዶ መሬት ስለሌለ፣ አዲስ ሰው የሚገባው አሮጌው ሲለቅ ነው።

«ታውንሺፕ» የሚለውን ቃል «ወረዳ» ወይም «የገጠር ቀበሌ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ታውንሺፕ በቀያሾች ገመድ የተከፈለ፣ ጎኑ ስድስት ማይል የሆነ አራት ማዕዘን መሬት ነው። በኒው ጀርሲ ግን የራሱ ምክር ቤት፣ በጀትና ግብር ያለው ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ነው። ስቴቱ ውስጥ 564 ማዘጋጃ ቤቶች አሉ፤ ሲቲ፣ ታውን፣ ቦሮ፣ ታውንሺፕና ቪሌጅ ተብለው ቢከፋፈሉም ከእነዚህ ከአንዱ ውጭ የሆነ ስንዝር መሬት የለም።

ቤት የሚከራዩና የሚገዙ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዚፕ ኮድ 08075 የሪቨርሳይድ ብቻ አይደለም፤ ዴልራንና ዴላንኮም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ሪቨርሳይድ፣ 08075» የተባለ ቤት ዴልራን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዚፕ ኮድ የፖስታ ቤት መንገድ ነው፤ ግብር የሚከፈልበትን ወሰን አያሳይም። ከመፈረም በፊት የንብረት ግብር ደረሰኙን ጠይቁና የማዘጋጃ ቤቱን ስምና «ብሎክ» እና «ሎት» የተባሉትን የይዞታ መለያ ቁጥሮች ተመልከቱ። የስቴቱ የገቢ ግብር ቅጽም ባለ አራት አሐዝ የካውንቲና የማዘጋጃ ቤት ኮድ ይጠይቃል፦ ሪቨርሳይድ 0330፣ ዴልራን 0310፣ ዴላንኮ 0309። ልጅ ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ዴልራን የራሱ ትምህርት ቤቶች አሉት፣ የዴላንኮ ልጆች ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል እዚያው ተምረው ለሁለተኛ ደረጃ ሪቨርሳይድ ይመጣሉ።

ስለ ውሃው ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ደላዌር እዚህ ጋ ገና ከውቅያኖስ ትንፋሽ አልወጣም፤ እስከ ትሬንተን ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላትና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፊላደልፊያ ላይ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ ትሬንተን ላይ ከዚያ ይበልጣል። ራንኮካስም አብሮ ይሞላል፣ አብሮ ይጎድላል። ችግሩ የሚመጣው ከላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ የራንኮካስ ጎርፍ ሲወርድ ታች ያለው ውሃ ሞልቶ ከጠበቀው ነው። ያኔ ጎርፉ መውጫ ያጣና ወደ ጎን ይተኛል። በሐምሌ አጋማሽ 2004 ከላይኛው ተፋሰስ የነበሩ ትናንሽ ግድቦች በአንድ ሌሊት ዝናብ ተሰብረው ነበር።

ስለዚህ በወንዙ አጠገብ ቤት የሚያይ ሰው የፌማን (የፌዴራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ በአድራሻ ይክፈት፤ «ኤኢ» (AE) የሚል ቀጠና ካገኘ የአደጋ ክልል ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ የዝናብ ትንበያ ሰምቶ መሮጥ አይረዳም። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በኒው ጀርሲ ሻጭም አከራይም ስለ ጎርፍ የሚያውቀውን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

መጓጓዣው ለትንሽ ቦታ ጥሩ ነው። ሪቨር ላይን የሚባለው ባቡር ከካምደን እስከ ትሬንተን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 2004 ሲሆን ሐዲዱ የተዘረጋበት መስመር ግን የ1830ዎቹ ነው። ካምደን ላይ ወደ ፊላደልፊያ፣ ትሬንተን ላይ ወደ ኒው ዮርክ በሚሄድ ባቡር መቀየር ይቻላል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ቤት ከመከራየቱ በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ይመልከት፤ ከቅዳሜ በስተቀር አገልግሎቱ በኛ አቆጣጠር ከማታው 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይቋረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዚያው ሐዲድ ላይ ሌሊት የዕቃ ባቡር ይሄዳል፣ ቀላሎቹ የተሳፋሪ ፉርጎዎች ደግሞ ከከባድ ባቡር ጋር ቢጋጩ እንዲቋቋሙ ሆነው አልተሠሩም። ስለዚህ ሰዓት ይከፋፈላሉ። በመኪና ወደ ፊላደልፊያ የሚሻገር በታኮኒ ፓልማይራ ድልድይ ይሄዳል፤ ክፍያው ወደ ፔንሲልቬንያ ሲሄዱ ብቻ ነው። መርከብ ሲያልፍ ድልድዩ ስለሚከፈት ሰዓት ያለው ቀጠሮ ካላችሁ ትርፍ ደቂቃ ያዙ።

አሁን ወደ ሰዉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ የሰፈሩት በብዛት ጀርመኖች ነበሩ፤ መንደሯ መጀመሪያ «ፕሮግረስ» ትባል ነበር። ኋላ ከስዊዘርላንድ የመጣው ቴዎፍሎስ ዙርብሩግ የኪስ ሰዓት ሽፋን ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1908 የተሠራው ማማ ያለው ሕንፃ እስከ ዛሬ የከተማዋ ምልክት ነው። ጣልያኖችና ፖላንዳውያንም መጡ። ከ2000 በኋላ ደግሞ ብራዚላውያን በብዛት ገቡ፤ ብዙዎቹ በግንባታ ሥራ ነበሩ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ዋናው መንገድ ነፍስ ዘራ።

በሐምሌ 2006 የታውንሺፑ አስተዳደር ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው የሚቀጥርና ቤት የሚያከራይ እንዲቀጣ የሚል ደንብ አወጣ። ገና ሥራ ላይ ሳይውል ሰዉ መሸሽ ጀመረ። ሱቆች ተዘጉ፣ ቤቶች ባዶ ቀሩ፣ ክስ መጣ፣ ለጠበቃ ከ80,000 ዶላር በላይ ወጣ። በመስከረም 2007 ደንቡ ተሻረ። አሁን ከላይ ያሉትን የቆጠራ ቁጥሮች መልሳችሁ እዩ። ቆጠራው በ2000 እና በ2010 ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው የተደረገው። የመጡትም የሸሹትም በሁለቱ መካከል ስለሆኑ፣ ያ ሁሉ መከራ በወረቀቱ ላይ 168 ሰው ጭማሪ ሆኖ ነው የቀረው።

ቁጥር የሚፈልግ ሰው እንግዲህ እንዲህ ያድርግ። በሴንሰስ (የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው) ድረ ገጽ ላይ በከተሞች ዝርዝር ሳይሆን በካውንቲ ንዑስ ክፍሎች ሥር ይፈልግ። ቢሮው በየዓመቱ የሚያካሂደው የናሙና መጠይቅ (American Community Survey) ከ65,000 በታች ሕዝብ ላለው ቦታ የአንድ ዓመት ውጤት ስለማያወጣ፣ የአምስት ዓመት አማካዩን ይያዝ፤ የስህተት ህዳጉንም አብሮ ይጻፍ። ለምሳሌ 900 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 350 የሚል ቁጥር ካገኛችሁ፣ 550ም 1,250ም ሊሆን ይችላል። 2015–2019ን ከ2016–2020 ጋር ማወዳደርም ዋጋ የለውም፤ አራቱ ዓመታት የጋራ ናቸው።

ብራዚላውያንን «ሂስፓኒክ» በሚለው ዓምድ አትፈልጓቸው፤ በመንግሥቱ ፍቺ እዚያ አይቆጠሩም። የትውልድ አገር ሠንጠረዡን ቢ05006ን (B05006) ተመልከቱ። ለትናንሽ ቦታዎች በሚወጣው አጭር የቋንቋ ሠንጠረዥ ፖርቱጋልኛ «ሌሎች የኢንዶ አውሮፓ ቋንቋዎች» ውስጥ ይጠፋል፤ አማርኛችን ደግሞ በዚያው ሠንጠረዥ «ሌሎች» ከሚለው መጨረሻ ረድፍ ነው የሚገባው። የራሳችንን ሰው በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ለመቁጠር የሚፈልግም ያው ቢ05006 ይሻለዋል፤ ኢትዮጵያ የራሷ ረድፍ አላት።

ከዚህ ሁሉ ፈጥኖ ለውጥን የሚያሳየው የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው፤ በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ይቆጠራል። የሁለተኛ ደረጃውን ግን አውጡት፣ የዴላንኮ ልጆች አሉበት። እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ብቻ ያዙ።