አንድ ፒክስል የጎደለው አንበሳ

ከአዳማ የተነሳሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና አንድ ፍላሽ አለ። ሚኒባሱ ፈጣን መንገዱ ላይ ሲወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ቃሊቲ ስንደርስ ነቃሁ። ስለ መንገዱ የምጽፈው ይኸው ነው።

የመጣሁት ለሥዕል ነው። አራት ነን። አንዷ አርክቴክት ናት። አንዱ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። አንዱ ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሠዓሊ ነው። እኔ ደግሞ ማተሚያ ቤት የምሠራ ዲዛይነር። ለወራት በቴሌግራም ስንነታረክ ከረምን እንጂ አንድ ጠረጴዛ ከበን አናውቅም።

የያዝነው አንድን ሥዕል በኮምፒውተር ተካፍሎ የመሳል ጨዋታ ነው። ጨዋታው የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ግሪድኮዝም ከሚባል የጋራ ሥዕል የኮረጅነው ነው። ዘጠኝ ሳጥን አለ፣ ሦስት በሦስት። መሀሉ ላይ ያለፈው ዙር ሥዕል በሙሉ ወደ ሲሶ አንሶ ይቀመጣል። ዙሪያውን ያሉትን ስምንት ሳጥኖች ሰዎች ይካፈላሉ። ሲሞሉ ዘጠኙም አንድ ላይ ተጨምቀው የቀጣዩ ዙር መሀል ይሆናሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የእኛው 900 በ900 ፒክስል ነው፣ አንዱ ሳጥን 300 በ300። ፒክስል የኮምፒውተር ሥዕል የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ይደርሳል። መሀሉ ገና ባዶ ስለነበር ለመጀመሪያው ዙር የሠዓሊውን አንድ ንድፍ አስገባንበት።

ጣጣው ያለው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ጎረቤትህ ጣሪያ ከሳለ ጣሪያው አንተ ጋ መቀጠል አለበት። ውሃ ከለቀቀብህም መቀበል ነው።

ከሁለቱ ሳጥኖቼ አንዱ ገና ባዶ ነበር። ስለዚህ ከቀጠሯችን በፊት ብሔራዊ ቴአትር ጋ ወረድኩ። እዚያ ያለውን የይሁዳ አንበሳ የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የቆመውም በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ነው። ስንቴ በታክሲ አልፌዋለሁ፣ ቀርቤ አይቼው ግን አላውቅም። ጡንቻ የለው፣ የተበተነ ጋማ የለው። ቀጥ ቀጥ ባለ መስመር የተቆረጠ ድንጋይ ነው። ለፒክስል ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ስልኬን ገና ሳወጣ አንድ ጥበቃ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሕንፃውን እንዳታነሳ።»

«አንበሳውን ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ጭንቅላቱን ቆርጠኸዋል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ደግሜ አነሳሁ።

ፒያሳ ተገናኘን። መጀመሪያ የገባንበት ቤት ቡና የሚጠጣው ቆሞ ነው፣ ላፕቶፕ አይታሰብም። ቀጥሎ የገባንበት ካፌ ደግሞ ሶኬቶቹን በሙሉ በፕላስተር አሽጓቸዋል። አራት ማኪያቶ አዘዝን፣ ሳይቀዘቅዝ የኔትወርኩ ልጅ ባትሪ 9 ፐርሰንት ገባ። እየተነጫነጭን ወደ አርክቴክቷ ቢሮ፣ ወደ አራት ኪሎ ወጣን።

ጉዴ የፈላው እዚያ ነው። ዘጠኙ ሳጥን ሲገጣጠም በእኔ አንበሳና በሠዓሊው የእንጨት ሰገነት መሀል፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ታየ። የኔትወርኩ ልጅ የፋይሌን መጠን ከፍቶ አየና ሳቀ። 299 በ300። ስቆርጠው አንድ ፒክስል በልቻለሁ። ይህን ያደረገው ማተሚያ ቤት ውስጥ ለአንዲት ሚሊሜትር ከሰው ጋር የሚጣላ ሰው ነው።

አርክቴክቷ «ትንሽ ለጠጥ እናድርገው፣ አለቀ» አለች። ሠዓሊው አሻፈረኝ አለ። ሰገነቱ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች የአንዱ ነው፣ ሳይፈርስ ቆሞ በእርሳስ የነደፈው።

«ስንጥቅ ነው። ይቀመጥ።»

«ስንጥቅ አይደለም፣ ስህተት ነው» አለ የኔትወርኩ ልጅ።

ግማሽ ሰዓት በዚህ ሄደ። ሲሰለቻት አርክቴክቷ የቢሊ ክሉቨርን ነገር አነሳች። ቤል ላብ የሚባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ተቋም ኢንጂነር ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ከሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ጋር ሆኖ 10 አርቲስቶችን ከ30 ገደማ ኢንጂነሮች ጋር አጣምሮ ለዘጠኝ ምሽት ትርኢት አሳይቷል። «እኛ አራት ሆነን አልቻልንም፣ እነሱ አርባ ሆነው እንዴት አልተደባደቡም?» አለች። የመለሰላት የለም። ግን ድምፅ ሰጠን፣ መስመሩ ይቀመጥ ተባለ። እኔ ድምፅ አልነበረኝም፣ ተከሳሽ ነኝ።

ዙር ሁለትን እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠን ሞላን። ይህኛው ፈጠነ፣ ጎረቤትህን በክርን ጎሸም ስታደርገው ዳሩን ቶሎ ያስተካክላል። መስመሬን መሀሉ ላይ ፈለግኩት። ሦስት ፒክስል ወደ አንድ ሲጨመቅ ነጩ ከግራና ከቀኙ ጋር ተደባልቆ ግራጫ ሆኗል። ሠዓሊው «አየህ፣ እየዳነ ነው» አለኝ።

ማታ ቃሊቲ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ የዙር ሦስት ሥዕል በቴሌግራም ገባ። ስምንቱ ሳጥን ባዶ ነው፣ የሞላው መሀሉ ብቻ። በሁለት ጣት አሰፋሁት። አንበሳው 33 ፒክስል ሆኗል። መስመሩ የለም። ጭንቅላቱ ግን አለ።

«ሒሳብ ከኋላ!» አለ ረዳቱ።