የግራ እጄ ትንሿ ጣት

ማክሰኞ ማታ፣ አራት ኪሎ

ዛሬ ማታ የኪቦርዴ «ኤ» ቁልፍ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ነገ ጠዋት የማስረክበው ትርጉም አለብኝ። ሁለት ገጽ ሲቀረኝ ቁልፉን ነካሁት፣ ተጭኖ ቀረ፣ ተመልሶ አልመጣም። ላፕቶፑን ገልብጬ ቀስ ብዬ ባራግፈው ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ።

አምፖሉ ስር ይዤ አየሁት። ፊደሉ ከጠፋ ቆይቷል። የነበረበት ቦታ ወንዝ ያጠበው ጠጠር መስሎ ያብለጨልጫል፣ መሃሉም በጣቴ ልክ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ከሥሩ ካሉት ቀጫጭን የፕላስቲክ መንጠቆዎች አንዱ ተሰብሯል። አጠገቡ ያለው «ኤስ» ፊደሉ አሁንም ይነበባል። «ቪ» ደግሞ ትናንት የተገዛ ይመስላል።

ሥራዬን ትቼ መቁጠር ጀመርኩ። ለምን እሱ ብቻ?

እኔ የምጽፈው ብዙ ሰው እንደሚጽፈው የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየነካሁ ነው። «ኤል»ን ስነካ ል ይመጣል። «ዩ» ብጨምርበት ሉ፣ «ኤ» ብጨምርበት ላ ይሆናል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ስለሆነ ያን ሁሉ ለየብቻው የሚሸከም ኪቦርድ የለም፤ ስለዚህ ከሳድሱና እንደ አ ካሉት በስተቀር እያንዳንዱ ፊደል ቢያንስ ሁለት ጊዜ መንካት ይጠይቃል። ግዕዙ «ኢ»ን ይፈልጋል፣ ራብዑ «ኤ»ን። ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ኘ ደግሞ በእኔ አጻጻፍ ሺፍት ተይዞ ነው የሚገኙት።

አሁን «አማርኛ» የምትለውን ቃል ጻፏት። አራት ፊደል ናት። አ፣ አንድ ጊዜ «ኤ»። ማ፣ «ኤም» እና «ኤ»። ር፣ «አር» ብቻ። ኛ፣ ሺፍት ይዞ «ኤን»፣ ከዚያ «ኤ»። ሺፍትን ጨምሮ ሰባት ንክኪ ነው። ከሰባቱ አራቱን የምትሠራው የግራ እጅ ትንሿ ጣት ናት፤ ሦስቱ «ኤ» የእሷ ናቸው፣ «ኤን» በቀኝ ሌባ ጣት ስለሚነካ ሺፍቱም በግራ በኩል እሷው ላይ ይወድቃል። ኛ ላይ ስትደርስ ወደ ታች ወርዳ ሺፍትን ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ወዲያው ወደ ላይ ሮጣ «ኤ»ን ትነካለች። ሠራተኛ፣ መልእክተኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኔ የምተረጉመው ውል ነው። ውል ውስጥ «አንደኛ ወገን» እና «ሁለተኛ ወገን» የማይሉበት ገጽ የለም።

ማታ ማታ ያቺ ጣት ከሥሯ እስከ ክርኔ ድረስ ለምን እንደምትጠዘጥዘኝ አሁን ገባኝ። ዓመት ሙሉ ብርድ ነው እያልኩ ቅባት ስቀባት ነበር።

የቁልፎቹን አቀማመጥ ያወጣው አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ፣ ለእንግሊዝኛ ጽሕፈት መኪና። «ኤ»ን ጥግ ላይ ሲያደርገው ስለ እኛ ራብዕ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ አልፈርድበትም። ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብዬ ዋጋውን የምከፍለው በደካማዋ ጣቴ ነው።

እናቴ ታይፒስት ነበረች። መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሃያ ምናምን ዓመት። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ስለ ደከሙት ድካም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ ነው። በእሷ መኪና ላይ ለ ተመትቶ ቅጥያዋ ለብቻ ትመታበትና ሉ ትሆናለች፤ ቅጥያዋ አንዳንዴ ከጎን ተንጠልጥላ ትቀራለች። አለቃዋ በሦስት ቅጂ ይፈልግ ስለነበር በመሃል ካርቦን እየገባ ነው የሚመታው፣ ጣት ከላላ ሦስተኛው ቅጂ አይነበብም። ልጅ ሆኜ ጣት አቀማመጥ ስታስተምረኝ እጄ ላይ ፎጣ ትጥልብኝ ነበር። «ዓይንሽ ወረቀቱ ላይ» ትለኛለች። «ጣትሽ መንገዱን ያውቀዋል።»

እውነቷን ነው። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ እጽፋለሁ። «ኤፍ» እና «ጄ» ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በሁለቱ ሌባ ጣቶቼ እፈልግና ሌላው ይከተላል። እነዚያን ጉብታዎች ላሰበው ሰው ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ይሄን ላፕቶፕ የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ ከአውሮፓ የመጣ። ሲገዛ ማን ሺፍት ያያል? ራሙን አየሁ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቅኩ፣ ዋጋ ተከራክሬ ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ መጻፍ ስጀምር በየመስመሩ የማላውቀው ጋዳላ ሰረዝ ይወጣል። የአውሮፓ ኪቦርድ የግራ ሺፍቱ አጭር ነው፤ በእሱና በ«ዜድ» መሃል አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ይሰኩበታል። ጣቴ የምታውቀው ደግሞ ረጅሙን የአሜሪካ ሺፍት ነው። ኛ ባልኩ ቁጥር ወርዳ የምታርፈው እዚያ ጣልቃ ገብ ቁልፍ ላይ ሆነ። ወር ሙሉ ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ሰረዝ ስለቅም ነበር። ስንት ሰው እንደዚህ ሲቸገር አይቻለሁ መሰላችሁ፣ በተለይ ማመልከቻ በሚጻፍባቸው ትንንሽ ጽሕፈት ቤቶች፤ ኪቦርዱ ላይ የተጻፈው ፊደል ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው የአማርኛ ስቲከር ደግሞ በላብ ተልጦ ጠርዙ ተጠቅልሎ።

በማውስ ፈንታ በጣት የሚዳሰሰው የላፕቶፑ ታችፓድ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህም ይብሳል። ስጽፍ የአውራ ጣቴ ሥር ይነካዋል፣ ከርሰሩ ሳላውቀው ዘሎ ሌላ አንቀጽ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ዓይኔ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ስለሆነ እቀጥላለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ የኪራይ ውል አንቀጽ አራት ግማሹ አንቀጽ ሁለት መሃል ተሰክቶ ሄደ። ደንበኛዬ ደውሎ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?» ሲለኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘግቼዋለሁ። ሴቲንግ ውስጥ ማውስ ሲሰካ ታችፓዱ ይጥፋ የሚል ምርጫ አለ፤ የማያውቅ ካለ ዛሬውኑ ያድርገው።

ከሁሉም ከእጄ የተስማማኝ በፊት የነበረኝ ጥቁሩ ቲንክፓድ ላፕቶፕ ነው። «ጂ»፣ «ኤች» እና «ቢ» መሃል ከርሰሩን የምታንቀሳቅስ ቀይ ነጥብ አለችው። አይቢኤም ላፕቶፖቹ ላይ ያደረጋት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሲነካት ይጠላታል፤ እኔም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ነጥቧ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም፣ ወደ ፈለግሽበት ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው፣ ከርሰሩ ይሄዳል። ጥቅሟ እጅ ከፊደሉ ላይ አይነሳም። ጣት ቦታዋን ሳትለቅ አንድ ቃል አርሞ መቀጠል ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ቀኑን ሙሉ የጻፈ ያውቀዋል። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ሲሞትብኝ ላፕቶፑ ሳይሆን ነጥቧ ናት የናፈቀችኝ።

ስለዚህ አሁን ያለሁት በማውስ ነው። ማውስ እወዳለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ትምህርት ቤት እያለሁ ሆዱ ውስጥ ኳስ የነበረው ማውስ ነበር፣ ከርሰሩ መንገጫገጭ ሲጀምር ኳሷን አውጥተን ውስጥ ያሉትን ዘንጎች በጥፍራችን እንፍቃለን፣ ጥቁር እድፍ እንደ ክር ተጠቅልሎ ይወጣል። የዛሬው በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ካሜራ የጠረጴዛውን ገጽ ቶሎ ቶሎ ፎቶ እያነሳች ወዴት እንደሄደ ትለካለች። ለዚህ ነው ካፌ ውስጥ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ የሚገትረው፣ ጥርት ያለ መስታወት ላይ የምታየው ነገር የላትም። ቸርችል ጎዳና ላይ የምቀመጥበት ካፌ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ መስታወት ናቸው፣ ደብተሬን ከሥሩ ዘርግቼ ነው የምሠራው።

ግን ከገዛኋቸው ማውሶች አንድ እንኳ ዓመት የሞላ የለም። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ «ኦርጂናል ነው፣ እጄን ቁረጪው» ብሎ የሸጠልኝ ገመድ አልባ ማውስ በሦስተኛ ሳምንቱ አንዴ ስነካው ሁለቴ መቁጠር ጀመረ። ፋይል ልመርጥ ስል ይከፍተዋል። ቃሉ መሃል ከርሰር ላስገባ ስል ቃሉን በሙሉ ይመርጠዋል፣ የሚቀጥለው ፊደል ቃሉን ጠራርጎ ያጠፋዋል። ይዤው ስመለስ ባለ ሱቁ ባትሪ ድንጋይ ቀይሪ አለኝ። ቀየርኩ። ያው ነው። ሁለተኛ ስሄድ ዋስትና የለውም ተባልኩ። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። ችግሩን ቆሞ ያላየልኝ መሆኑ ነው።

ያየልኝ ሌላ ሰው ነው። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። ብሎኖቹን ፈታና ውስጡን አሳየኝ። ከግራው ቁልፍ ሥር ከኩብ ስኳር ያነሰች ጥቁር ሳጥን አለች፣ ውስጧ እንደ ቅጠል የሳሳ የመዳብ ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉ ሲላላ ወይም ጫፉ ሲቆሽሽ አንዴ ተጭኖ ይንቀጠቀጣል፣ ኮምፒውተሩም ሁለቴ ተነካሁ ብሎ ይቆጥረዋል። «የቀኙ ብዙ አይሠራም እኮ» አለና የቀኙን ሳጥን ነቅሎ በግራው ቦታ በየደው፣ የላላውን ወደ ቀኝ አዛወረው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ይኸው ሰባት ወሩ፣ ይሠራል።

ጓደኞቼ ማውሱን ወደ ግራ አዙሪው ይሉኛል፣ ቀኝ እጅ ያርፋል እያሉ። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይሠራ ይሆናል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ግራ እጄ «ኤ»ውን፣ «ኢ»ውንና ሺፍቱን ችሎ ማውስም ሲጨመርበት በሳምንቱ ብርጭቆ ማንሳት አቃተው። የማውስ ፈልሳፊው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ በግራ እጁ አምስት ቁልፍ ብቻ ያላት ትንሽ ሰሌዳ ይዞ ነበር፣ እየተጣመሩ ሲነኩ ፊደል የሚሰጡ፣ ቀኙ ከማውሱ እንዳይነሳ። የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል ያኔ አስቦበታል። ማውሱ ቀረልን፣ ያቺ ሰሌዳ ተረሳች፤ ያሳዝነኛል።

ለእኔ የሚሻለው በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ መወገዱ ነው። ያ ሰሌዳ ማውሱን አንድ መዳፍ ያህል ስለሚያርቀው ትከሻዬ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ላይኛው ረድፍ ያለው ቁጥር ይበቃኛል። ያለ ቁጥር ሰሌዳ የሚመጣ ኪቦርድ ግን እዚህ ሱቅ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። ያሉት ወይ ከሥር ጎማ ያላቸው ርካሾቹ ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ካልተጫኑ ፊደል የማይሰጡ፣ ወይ ለጌም የተሠሩ ባለ ቀለም መብራት።

አንድ ጓደኛዬ ቢሮ ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ ጽፌ አይቻለሁ፣ ቡናማ ስዊች የሚባለው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ አለው። ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ፊደሉ ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ይወጣል፣ እዚያ ስትደርሺ ጣትሽ ሥር ትንሽ እብጠት ይሰማሻል። ከዚያ በላይ መጫን አያስፈልግም። «አማርኛ» ብዬ አሥር ጊዜ ጻፍኩበት። ትንሿ ጣቴ አልጮኸችም። የአክስቴ ልጅ ለገና ከዱባይ ትመጣለች፣ ይሄንኑ ጽፌ ልኬላታለሁ፦ ቡናማ ስዊች፣ የቁጥር ሰሌዳ የሌለው፣ የግራ ሺፍቱ ረጅም፣ ከጎኑ ምንም የማይሰካበት። ፎቶ ሳትልኪልኝ እንዳትገዢ ብያታለሁ።

እስከዚያ የዛሬውን ሌሊት ማለፍ አለብኝ። «ቪ»ን በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ ነቀልኩት። መንጠቆዎቹ ሙሉ ናቸው። «ኤ» ቦታ ላይ አስቀምጬ ጫን ስለው ቀጭ ብሎ ገባ። «ኤስ» አጠገብ «ቪ» ተጽፎ ማየት ለዓይን ይከብዳል፣ ግን ጣቴ አያነብም፤ አዲሱ ቁልፍ ሸካራ ነው፣ ጉድጓድም የለውም፣ እሱ ብቻ ነው የገረማት። የ«ቪ» ቦታ ላይ ነጭ የጎማ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። ከቀሩት ሁለት ገጾች ውስጥ «ቪዛ» የምትል ቃል ሦስት ጊዜ አለች፣ ሦስቱንም ጎማዋን በጥፍሬ እየነካሁ ጻፍኳቸው።