አንገቱ በሙጫ የተጣበቀው ሕፃን

የአከራዬ ልጅ ዛሬ ነው የምታገባው። ትናንት ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ ሴትዮዋ ካፖርት ደርበው አጥር ሥር ጎንበስ ብለዋል።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም። ነገ እንዳይዘንብ ብዬ ነው።»

ያስቀመጡት የሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት ነው። ቀይ ካባ፣ ዘውድ፣ ቁመቱ ስንዝር ቢሆን ነው። «የፕራጉ ሕፃን» ይሉታል። እዚህ አየርላንድ በሠርግ ዋዜማ ደጅ ካደረ ዝናብ ያስቀራል ይባላል።

ዓይኔ አንገቱ ላይ ቀረ። ዙሪያውን ቢጫ የሙጫ መስመር አለው። «ውይ፣ ተሰብሮ ነው?» ብዬ ሳዝን ሳቁብኝ። ለካ አንገቱ የተቆረጠው ነው ይበልጥ የሚሠራው! ግን ሆን ብሎ መስበር አይፈቀድም፤ በራሱ ጊዜ መውደቅ አለበት። (ሕጉን ማን እንዳወጣው አትጠይቁኝ።)

ወሬያቸው በዚያው ቀጠለ። ድሮ ልጅ ትክትክ ሲይዘው፣ ነጭ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ፈልገው መድኃኒቱን ይጠይቁት ነበር አሉ። አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፣ እሱኑ ያደርጋሉ።

እንዲህ ያለውን ነገር እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ወደ 50,000 የሚጠጉ የአየርላንድ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን እየጠየቁ በደብተር ጽፈውታል። ደብተሮቹ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ውስጥ አሉ። እኔ አያቴ ያን ሁሉ ስትነግረኝ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍኩም።

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ያካፋል። ሴትዮዋን አየት አደረግኳቸው።

«ይሄ እኮ ዝናብ አይባልም» አሉኝ።