ከኮንዶሚኒየም ወደ ጭቃ ቤት፦ መደብ ያስተማረኝ ሙያ

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከዘጠኝ ዓመት የባንክ ሥራ በኋላ መልቀቂያዬን አስገብቼ፣ ጀሞ አካባቢ የተከራየሁትን የኮንዶሚኒየም ቤት ለባለቤቱ አስረክቤ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ አባቴ ወደሚያርሰው መሬት ተመለስሁ። ያስመረረኝ ነገር ብዙ ነበር፤ የታክሲው ሰልፍ፣ በየዓመቱ የሚጨምረው ኪራይ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ በጄሪካን የሚመላለሰው ውኃ። ከሁሉ ይበልጥ ያደከመኝ ግን በምኖርበት ቤት ውስጥ በራሴ ፈቃድ የሆነ አንድም ነገር አለመኖሩ ነው። ሚስማር ለመምታት እንኳ የአከራይ ፈቃድ በሚጠየቅበት ቤት ተቀምጬ፣ ማታ ማታ ያልነበሩኝን ክፍሎች በደብተር ላይ ስነድፍ ዓመታት አለፉ።

መሬቱን በገንዘብ አልገዛሁትም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አባቴ ከይዞታው ቆርሶ በስጦታ አስተላለፈልኝ፤ የወረዳው ጉዳይም ከጠበቅሁት ባጠረ ጊዜ አለቀ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ስለ ብርዱና ስለ ፀሐይዋ ነው። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለሆነ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ብርዱ የሚጠናው ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ባለችበት ወቅት ነውና፣ ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ ማዞር ማለት ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ ምድጃ ቤት ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። ይህን በጊዜው ያወቅሁት ከመጽሐፍ አልነበረም፤ አባቴ በብርድ ጧት በጉን የት እንደሚያስር፣ እናቴም እህሏን የት እንደምታሰጣ ልብ ብዬ በማየት ነው እንጂ።

ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ገነባን፤ ጭቃ የሚጠላው ከሥር የሚወጣ እርጥበትንና ከላይ የሚረጭ ዝናብን ስለሆነ፣ ጣሪያውም ከግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንዲከልለው አደረግን። ለቋሚው ባሕር ዛፍ ተጠቀምን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ በደጋው አገር የቤት ሥራን ከመሠረቱ ለውጦታል፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ነገር ግን መሬት ውስጥ መበስበስን በመቋቋም የጽድን ያህል አይሆንም። ስለዚህ መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀባነው፤ መካከለኛውን ምሰሶ ግን አባቴ ከፈረሰ የቀድሞ ቤታቸው ካስቀመጠው ጽድ አቆመልኝ። የዚያ እንጨት ሽታ ዛሬም በዝናብ ቀን ይሸተኛል።

የጸጸተኝ ነገር ጭቃው ላይ ያሳየሁት ችኮላ ነው። ማገሩ ተመቶ እንዳለቀ የሥራ ጉጉቴ አላስቀመጥ ብሎኝ፣ ጭዱ የገባበትን ጭቃ በሦስተኛው ቀን ካላስመረግሁ አልሁ። ምርጊቱን የያዙት ሽማግሌ እፍኝ ጭቃ አንሥተው በጣታቸው እየፈተጉ፣ «ልጄ፣ ይህ ጭቃ ገና ጥሬ ነው፤ ሁለት ሳምንት እየተረገጠ ይተኛ» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። አፈሩ ዋልካ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ የበዛበት ስለነበር በሳምንቱ ግድግዳው እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጠቀ። የኅዳር ውርጭ ደግሞ ያልደረቀውን እያቀዘቀዘ፣ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን እያበጠ፣ የላዩን ልባስ እየላጠ ጣለው። ጧት ስነሣ ግማሹ ከግድግዳው ሥር ተከምሮ አገኘሁት። ሽማግሌው መጥተው አዩና አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ አካፋቸውን አንሥተው የወደቀውን ወደ ጉድጓዱ መልሰው ውኃ ያፈስሱበት ጀመር። ቀይ አፈር ጨመርን፣ ጭዱን አበዛን፣ በየቀኑ እየረገጥን አቦካነው፤ እንደገና የመረግነውም ብርዱ ካለፈ በኋላ በየካቲት ነው። በዚያ ወራት ውስጥ እጄን ከጭቃ ሳላወጣ ከእርሳቸው የተማርሁት፣ በኋላ ለያዝሁት ሙያ መሠረት ሆኖኛል።

የውስጥ ዲዛይን ሥራዬ የተጀመረው ከመደብ፣ ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ከሚሠራው መቀመጫ ነው። በደቡቡ መስኮት ሥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ቁመቱ 45፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ በድንጋይና በጭቃ ሠራሁ። ላዩን በወንፊት በተነፋ አፈርና በእበት ለስኜ፣ ሳይደርቅ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ድረስ አሸሁት። የታኅሣሥ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በቀጥታ መደቡ ላይ ታርፋለች፤ ድንጋዩና ጭቃውም ቀን የያዙትን ሙቀት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ባና አንጥፌበት አመሻሽ ላይ ስቀመጥ፣ ሙቀቱ በሱፉ አልፎ ይሰማኛል። ሱፉን ከመንዝ አመጣሁት፤ የመንዝ ሴቶች በእንዝርት የሚፈትሉት፣ በዚያው አገር የሚሸመነው ባናና ዝተት፣ ቀለሙ በጉ ይዞት የተወለደው ጥቁርና ቡናማ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጌጥ ለዚህ ግድግዳ አላየሁለትም።

መደብን የድህነት ምልክት አድርገን የተውነው ይመስለኛል፤ ይህም ያሳዝነኛል። ሐረር ሄጄ ጊዲር ጋር የሚባለውን የሐረሪዎችን ትልቅ ክፍል ባየሁ ጊዜ፣ አምስቱ የመቀመጫ እርከኖች እያንዳንዳቸው ለማን እንደሚገቡ ተለይተው ታውቀው፣ ወለሉም ሐረር በዳግማዊ ምኒልክ ጦር በተያዘችበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው እየተባለ በቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። መቀመጫው የቤቱ አካል ነው፤ ክብርም፣ ታሪክም፣ ሥርዓትም አለው። የደጋው መደብም እንዲሁ ሊከበር የሚችል ነገር ነበር። እኛ ግን አፍርሰነው በምትኩ ክፍሉን የሚሞላ ሶፋ፣ መስኮት የሚጋርድ ቡፌ፣ ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርግ የጂፕሰም ኮርኒስ አስገባን።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ በ2012 ዓ.ም. ቤቴን አይታ የጠራችኝ፣ በከተማው የምትኖር መምህርት ናት። ሳሎኗ 3 ሜትር በ4 ሜትር ነው። በሜትር ስለካው ሶፋው፣ ቡፌውና ጠረጴዛው ከወለሉ ከግማሽ በላይ ይዘውታል፤ ቡፌው በመስኮቱ ፊት ስለቆመ በቀትርም መብራት ይበራል። እንዲሸጡ የመከርኋቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፣ ሶፋውና ቡፌው። በሁለት ግድግዳ ጥግ በብሎኬት መደብ ገንብቼ፣ ሥሩን ቡፌው ውስጥ ለነበረው ዕቃ ማስቀመጫ አደረግሁት፤ ግድግዳውንም በነጭ አፈር ቀባሁት። ሥራው ሲያልቅ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ መደቡን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ «ያፈረስነውን እኮ ነው መልሰሽ የሠራሽልን» አሉኝና ጥጉን መርጠው ተቀመጡ። ልጃቸው ቡና እስክታፈላ ድረስ ከዚያ አልተነሡም። ገቢዬ እስከ ዛሬ ከባንኩ ደመወዝ ጋር የሚተካከል አይደለም፤ ወር ሙሉ ሥራ የማላገኝበት ጊዜም አለ። ያችን ቀን ግን ከደመወዝ ጋር አላነጻጽራትም።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ አራት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቱ ለገና እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ልስን በውርጭ ወራት እንደማላስነካ ነግሬያቸዋለሁ። ለሁለት ቀን ያህል ተቆጥተው ቆዩ። ትናንት ጧት አብረን ገባንና እጃቸውን ይዤ በሰሜን በኩል ባለው ጥግ፣ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ ካለው ቦታ ላይ አሳረፍሁት። ምርጊቱ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ግን አሁንም ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸው ላይ የቀረውን አፈር ጥቂት አዩና፣ «እንግዲያው እስከ የካቲት» አሉ።