የዘገየ ምስክርነቴ

ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ጥላ ነው፣ እሱን አስገብቻለሁ። ሁለተኛው "ያደረግሽልኝን ለሰው እናገራለሁ" ያልኩት ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖ ተቀምጧል። ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንልኝም፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ልጻፈው።

የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ2012 ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል እኛ ሰፈር "የውጭ ሰው ነው" ተብሎ ታለፈ። ወሩ ሳያልቅ ግን ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች። ባጃጅ ቆመ፣ የእኔም ሲኒ ተደፋ። ቅዳሴው በጥቂት ካህናት ይካሄድ፣ ምእመኑ ቤቱ ሆኖ ይጸልይ ተባለ። ሆሳዕና በቤት፣ ስቅለት በቤት። እናቴ ቴሌቪዥን ፊት መስገድ አልሆንላት አለ። "ለዚህ ዕቃ ነው የምሰግደው?" ትላለች። ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣና የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተሳልማ፣ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ትቆማለች። ስትመለስ ግንባሯ ላይ የዝገት መስመር አለ። እኔ ደግሞ "ስንት ሰው ነክቶታል እኮ!" እያልኩ በሳኒታይዘር እጠርግላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር የተቆጣሁት በእሷ ብቻ አልነበረም። እግዚአብሔርን የተቀየምኩት ያኔ ነው። ሰው በጨነቀው ቀን የሚዘጋ በር ምን ሊረባ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው መዝጋታቸው ልክ ነው፣ ያኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

በሽታው ቤታችን የገባው በዓመቱ ነው፣ በ2013 ዐቢይ ጾም፣ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ በረሳበት ጊዜ። መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው። ቡና እየቆላሁ ሽታው ጠፋብኝ። ስንት ዓመት በመዓዛው ብቻ ነበር የማወጣው፣ ያን ቀን አሳረርኩት። ቤቱ በጢስ ተሞልቶ እናቴ ስትጮህብኝ ነው የነቃሁት። እኔን በአምስት ቀን ለቀቀኝ። ወደ እሷ ሄደ።

ዝንጅብሉ፣ ዳማከሴው፣ ጸበሉ፣ ሁሉም ተሞከረ። በስድስተኛው ሌሊት ትንፋሿ እያጠረ "በሩን ክፈቺው" ትለኛለች፣ በሩ ግን ክፍት ነው። ጎረቤታችን በባጃጁ አደረሰን። ሙስሊም ነው፣ መስኮቱን እንኳ ሳይከፍት "አላህ ያሽራት" እያለ ነበር የሚነዳው። አንዱ ሆስፒታል አልጋ የለም አሉን። ሌላው ተቀበለን፣ ኦክስጅንም አገኘን።

ከዚያ ደግሞ የጾሙ ጣጣ መጣ። ሐኪሙ እንቁላል ትብላ ይላል፣ እሷ ማስኩን እንዳደረገች ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። በስንት ልመና የንስሐ አባታችንን በስልክ አገናኘኋት። "ወለተ ማርያም፣ ጾሙን እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ብዪ" አሏት። ግማሽ እንቁላል እያለቀሰች በላች።

የመድኃኔዓለም ዋዜማ፣ መጋቢት 26 ማታ፣ ጣቷ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 71 አለ። ከ90 በታች ጥሩ እንዳልሆነ እኔም እስከዚያ ለምጄዋለሁ። የጽኑ ሕሙማን አልጋ ሞልቷል። ማደር አይቻልም ተብዬ ወጣሁ። ውጭ አጥሩ ሥር አንድ ሰውዬ ፔርሙስ ይዞ ተቀምጧል፣ ሚስቱ ከእናቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ናት። ሻይ ቀዳልኝ። ብዙም አላወራንም። እኔ ተነስቼ ግንባሬን አጥሩ ላይ አስደገፍኩ፣ መቁጠሪያዬን አወጣሁ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 41 ጊዜ ልል እጀምርና ወደ ሠላሳው ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ። ስንት ጊዜ እንደጀመርኩ እግዜር ይወቀው። ጥላውን የተሳልኩት እዚያ ነው። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ብቻ አትውሰጂብኝ አልኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። የእናቴ ግንባር ትዝ ያለኝ ሲነጋጋ ነው።

ጠዋት ነርሷ ወጥታ ስሜን ጠራች። እግሬ ከዳኝ። "እናትሽ አጥሚት አምጡልኝ እያሉ ነው፣ ጨው እንዳይበዛበት ብለዋል" አለች። ቁጥሩ 88 ደርሷል። ሐኪሙን ምን ተገኘ ብዬ ስጠይቀው "ሌሊቱን በሆዳቸው አስተኝተናቸው ነው ያደሩት፣ ለሳንባ ይረዳል" አለኝ። እኔም አሜን አልኩ። ሁለቱን ማጣላት አልፈልግም፣ ለሐኪሙም ለነርሷም እስከ ዛሬ እጸልያለሁ።

የሰውዬው ሚስት ግን በሁለተኛው ቀን አረፈች። ይህን ሳልናገር ባልፍ ምስክርነቴ ውሸት ይሆናል። እሱም ሌሊቱን ሙሉ ሲለምን ሰምቼዋለሁ። ልመናው ከእኔ አያንስም፣ ምናልባትም ይበልጣል። "እምነት ስለነበረን ዳነች" የሚል ሰው ስሰማ እሱ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። የምመሰክረው ለተደረገልኝ ብቻ ነው።

እናቴ ለፋሲካ ቤቷ ነበረች። ሚያዝያ 24፣ ትራስ ተደግፋ ዶሮው ላይ "ቅመሙ አነሰ" ስትል ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ጥላውን የወሰድነው የካቲት 16 ቀን 2014 ነው፣ በንግሡ ዕለት። የሐይቁ ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤል ለሴት ስለማይፈቀድ ድሮም የእኛ መሳለሚያ ዘጌ ነው። ጀልባው ጢም ብሏል። እናቴ ጥላውን በፌስታል ጠቅልላ ጉልበቷ መሃል ይዛ፣ ነፋስ እንዳይነካው ሰው ሁሉ ላይ ታፈጣለች። ከወደቡ ሽቅብ በቡናው ጫካ መሃል ሦስት ጊዜ አረፈች፣ ግን በእግሯ ደረሰች።

ጥላውን ካስረከብን በኋላ ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ለጸሎት የሚሰጥ የክርስትና ስም ነው። እኔ የእሷ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሁለት ስም ነው፦ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ። ለካ ሆስፒታል ሳሉ ከዚያች ሴት ጋር በማስክ ውስጥ ስም ተለዋውጠው ኖሯል፣ የወጣችው የቀረችውን ልታሳስብ።

ካህኑ አነበቡትና "ሁለቱም በሕይወት አሉ?" አሉ።

"አንዷ አለች አባቴ።"

የሙትና የሕያው ስም ለየብቻ ስለሚነሣ ወረቀቱን በሁለቱ ስም መሃል አጥፈው ሊቀዱት ሲሉ እናቴ እጃቸውን ያዘች። "ሳይቀደድ አይሆንም ወይ?" አለች።

ትንሽ አዩዋት። ከዚያ እንዳለ አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት።