ከታንክስጊቪንግ እስከ ገና ባለው ጊዜ ቤታችንን እንዴት እንደሸጥን

ሰው ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የነበረውን ታውንሃውሳችንን በ2024 ልክ ታንክስጊቪንግ እንዳለፈ ማርኬት ላይ አውጥተን ጃንዋሪ 3 2025 ክሎዝ አደረግን፣ ማለት ፈርመን ሽያጩን ጨረስን። ያማከርነው ሰው ሁሉ እስከ ስፕሪንግ ጠብቁ ነበር ያለን፣ በዚህ ብርድ በዚህ በዓል ማን ቤት ያያል ብለው። ግን ባለቤቴ ዳላስ ያገኘው ሥራ ጃንዋሪ ላይ ይጀምር ነበር፣ ልጆቹም በትምህርት ቤት እረፍት መሀል ቢዛወሩ ይሻላል ብለናል፣ እና ሂሳቡን ስንሠራው ስፕሪንግ ላይ ምናልባት ይጨምርልናል ያልነውን ብር የባዶ ቤት ሞርጌጅ፣ ኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ ቤቶች ማኅበር ክፍያ)፣ ጋዝና ኢንሹራንስ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል፣ በዛ ላይ ዳላስ ኪራይ አለ። ባዶ ቤት ደሞ በዊንተር ዝም ብለው ቆልፈው የሚሄዱበት ነገር አይደለም፣ ማሞቂያው ከጠፋ ቧንቧ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ላይ ኢንሹራንሱም ሌላ ጣጣ አለው።

ከዚህ ሁሉ ያየሁት አንድ ነገር ነው፣ ዲሴምበር ላይ ገዢ ይገኛል፣ የሚያስጨንቀው ወረቀቱ ነው። በዛ ወቅት ብርዱን ችሎ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው የምር የሚፈልግ ነው፣ ወይ ጃንዋሪ ላይ ሥራ ይጀምራል ወይ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ሊያልቅበት ነው። በስፕሪንግ እንደሚሆነው እሁድ ከሰዓት ጎረቤት እየዞረ ወጥ ቤታችሁን አይቶ የሚሄድ ሰው የለም። በኛ ሰፈር የሚሸጥ ቤትም ጥቂት ነበር። ወረቀት የሚያዩት ሰዎች ግን፣ ባንኩ፣ ታይትል ካምፓኒው (የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ የሚያጣራው)፣ አፕሬይዘሩ (ለባንኩ የቤቱን ዋጋ የሚገምተው)፣ የኤች ኦ ኤው ማኔጅመንት፣ ሁሉም ተራ በተራ ቬኬሽን ይወጣሉ።

ስለዚህ ዝግጅቱን የጀመርነው ኦክቶበር ላይ ነው። ኤጀንታችን ሐበሻ ነው፣ መጀመሪያ ያለን ነገር የውጪውን ፎቶ አሁኑኑ እናንሳ የሚል ነበር። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሳሩም ገና አረንጓዴ እያለ ተነሳ፣ ሊስት ስናደርገው (ለሽያጭ ስናወጣው) ዛፉ ሁሉ እርቃኑን ቀርቷል ግን ፎቶው ያምራል፣ ሰው ደሞ መጀመሪያ የሚያየው ስልኩ ላይ ፎቶውን ነው። የውስጡም የተነሳው ምንም የበዓል ጌጥ ሳይሰቀል ነው፣ የገና ዛፍ ያለበት ፎቶ ቤቱ ፌብሩዋሪ ድረስ ሳይሸጥ ከቆየ ያሳብቅባችኋል።

ቀጥሎ ራዶን። ሞንጎምሪ ካውንቲ ውስጥ ቤት ያላችሁ ይሄን ልብ በሉ፣ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ነጠላ ቤትም ሆነ ታውንሃውስ የሚሸጥ ሰው ለገዢው የራዶን ምርመራ ውጤት መስጠት አለበት (ኮንዶ አይመለከተውም)። ራዶን ከመሬት ስር ወደ ቤት የሚገባ የማይታይ የማይሸት ጋዝ ነው፣ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር ከሚያመጡት ዋናው ነው ይባላል። ምርመራው መስኮትና በር ተዘግቶ ነው የሚሠራው ስለዚህ በብርድ ጊዜ ለመሥራት ይቀላል፣ ግን ቤቱ ታፍኖ ስለሚውል ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሊትር 4 ፒኮኩሪ (የራዶን መለኪያ ነው) እና ከዛ በላይ ከሆነ አስተካክሉ ይላል። እኛ ቀድመን ስላስመረመርን ውጤቱ በእጃችን ነበር፣ ገዢ ተገኝቶ ቀን ሲቆጠር ቢሆን ያስጨንቅ ነበር።

ካውንቲው ሌላም ይጠይቃል፣ የ12 ወር የመብራትና የጋዝ ቢል ለገዢ ማሳየት። ዊንተር ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ ማሞቂያው በወር ስንት ያስከፍላል? እኛ ፈርነሱን ኦክቶበር ላይ ሰርቪስ አስደርገን ደረሰኙን ከቢሎቹ ጋር አንድ ላይ አድርገን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፣ የገዙን ሰዎች ኋላ ላይ እንደነገሩን እሱ ወረቀት በጣም ነው ያሳመናቸው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ልምጣ፣ እዚህ ጋ የኛ ሰው የራሱ ጉዳይ አለበት። እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ የነቢያት ጾም ደሞ ህዳር 15 ማለት በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ገባ፣ ማርኬት ላይ የቆየንበት ጊዜ በሙሉ ጾም ነበር። ጾም ሲሆን ሽሮው ምስሩ በየቀኑ ይሠራል፣ ቁሌቱ ያው ታውቁታላችሁ፣ መስኮት በማይከፈትበት ወቅት ሽታው መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ኤጀንታችን እማዬን በጣም በአክብሮት ነው ያናገራት፣ «እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለትንሽ ጊዜ ቁሌቱን ሌላ ቦታ ብናደርገው፣ ቤቱ ቶሎ እንዲሄድልን ነው» አላት። እሷም «ልጄ ቁሌቱስ ይሁን፣ የተቆላ ቡና ግን አልገዛም» አለችው። ተስማማን፣ ቁሌቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ቤት ለሳምንት ተሠርቶ ፍሪዘር ይገባል፣ ቡናው ደሞ ጋቢዋን ደርባ በጓሮ በኩል ዴክ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆላል፣ የሚፈላው ውስጥ ነው። የፈላ ቡና ሽታ ማንንም አስከፍቶ አያውቅም፣ ጭሱ ነው ችግሩ። እጣንም እንዲሁ፣ ሾዊንግ (ገዢ ቤት ሊያይ የሚመጣበት) ባለበት ቀን አናጨስም።

የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ግድግዳ ላይ የነበረው ሁሉ ወርዶ ካርቶን ገባ። የእማዬ ክፍል ያሉትን ስዕለ አድህኖ ግን አላወረድንም። ኤጀንቱ ቢወርድ ጥሩ ነው ብሎ ነበር፣ እኔ ግን አንዲት እናት በጾም ወር ጸሎት የምታደርስበትን ቦታ ለሽያጭ ብዬ አላፈርስም አልኩ፣ ባለቤቴም ደገፈኝ። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ መብራት አለው፣ ሥርዓት አለው። ሰው አይቶ ወጣ፣ ማንም ምንም አላለም። ሌላው ምክር ሁሉ ልክ ነበር፣ በዚህ ግን እኔ ነኝ ትክክል ብዬ አምናለሁ።

ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የግሪን ካርድ ወረቀት፣ የእማዬ መድኃኒት፣ ለልጆች የተገዛ ስጦታ፣ ይሄን ሁሉ ከቤት አውጡት። በሎክቦክስ (በር ላይ በሚንጠለጠል የቁልፍ ሳጥን) ቁልፍ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ከኤጀንት ጋር ቢሆንም አንድ ኤጀንት ሦስት ሰው እኩል ማየት አይችልም።

ስለ ሰዓት ልንገራችሁ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ እዚህ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ 4፡46 አካባቢ ነው፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ ጨለማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አምፖሉን በሙሉ ቀየርን፣ አንድ አይነት ሞቅ ያለ ከለር፣ የበረንዳውም የደረጃውም፣ የውጪው በታይመር ይበራል፣ ማሞቂያው 70 ፋራናይት ላይ። ሰው ከብርድ ገብቶ ሙቀት ሲቀበለው ኮቱን ያወልቃል፣ ኮቱን ካወለቀ ደሞ ይቆያል። በር ላይ ትልቅ ምንጣፍ፣ አግዳሚ ወንበርና የጫማ መሸፈኛ ነበር፣ ጨውና ጭቃ ይዞ የሚመጣ ጫማ እንጨት ወለል ያበላሻል። በረዶ ከጣለ ደሞ ካውንቲው በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛ መንገዱ እንዲጠረግ ያዛል፣ ማርኬት ላይ ያለ ቤት ግን ያን ያህል አይጠብቅም፣ ወዲያው ነው መጠረግ ያለበት።

በዚህ ወቅት የኛ ሰው ያለው ትልቅ ጥቅም አቆጣጠራችን ነው። ፈረንጁ ዲሴምበር 24 እና 25 በሩን ዘግቶ ቤተሰቡ ጋ ነው፣ የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው ስለዚህ ሰው በፈለገን ቀን ክፍት ነበርን። እሁድ ደሞ ሌሊት ለቅዳሴ ወጥተን ከሰዓት ነው የምንመለሰው፣ ጠዋቱ በሙሉ ለሾዊንግ ነጻ ነው፣ ብርሃኑም በጣም ጥሩ የሆነበት ሰዓት ነው። አዛውንት እናትን በየሾዊንጉ በብርድ ማንከራተት ሳይመጣ እሁድ ላይ ብዙውን ጨረስነው። ጠዋት እንሂድ ስንል ቤቱን አዘጋጅተን መብራት አብርተን ነው የምንወጣው።

ዋጋውን ስናወጣ ደሞ የስፕሪንግ ዋጋ አላልንም፣ በፎል በሰፈራችን የተሸጡትን አይተን እዛው ላይ። አፕሬይዘሩም የሚያየው የቅርብ ጊዜ ሽያጮችን ነው፣ ከሱ በላይ ብትሰቅሉት ገዢው ቢስማማ እንኳ ባንኩ ይጥለዋል። ሌላ አዲስ ነገር፣ ከኦገስት 17 2024 ወዲህ የገዢ ኤጀንት ኮሚሽን ኤም ኤል ኤስ (ኤጀንቶች የሚሸጥ ቤት የሚያወጡበት መዝገብ) ላይ አይጻፍም፣ ገዢው ከኤጀንቱ ጋር አስቀድሞ ውል ይፈርምና ሻጩ ይክፈልልኝ ካለ በኦፈሩ ይጠይቃል። ስለዚህ ኦፈር ስታዩ ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ አትዩ፣ ሁሉ ነገር ተቀንሶ እጃችሁ የሚገባውን አስልታችሁ ነው ማወዳደር ያለባችሁ። እኛ የመረጥነው ትልቁን ቁጥር ያመጣውን ሳይሆን ጃንዋሪ ላይ ሥራ የምትጀምር ነርስና ባሏን ነው፣ ሊዛቸው ሊያልቅ ነበር፣ ሌንደሩም ወረቀታቸውን አስቀድሞ ጨርሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ወረቀቱ የመጣው። ታይትል ካምፓኒው ሲፈትሽ ቤቱ ላይ አንድ የቆየ የሆም ኢኩቲ እዳ (ቤቱን አስይዘን የተበደርነው) ተመዝግቦ አገኘ። እዳውን ከፍለን ከጨረስን ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ያ ባንክ የመልቀቂያ ወረቀቱን ካውንቲው ጋ አላስመዘገበም። በሌላ ወር ቢሆን ቀላል ነው፣ ስልክ ተደውሎ ይላካል፣ በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት ግን የሚመለከተው ሰው ቬኬሽን ነው፣ የሱ ተተኪም ቬኬሽን ነው። ባለቤቴ እየደወለ፣ ታይትል ካምፓኒው እየጻፈ፣ እኔ የድሮ ስቴትመንት እያወጣሁ፣ ወረቀቱ የመጣው ከፈረንጅ ገና በኋላ ነው። ዲሴምበር መጨረሻ የነበረው ክሎዚንግ አለፈ።

ቀን ሲገፋ ደሞ የገዢው የወለድ ሎክ (ባንኩ የብድር ወለዱን ሳይቀይር የሚያቆይበት) ጊዜ ያልቃል። ፌዴራል ሪዘርቭ ዲሴምበር 18 ወለድ ቀንሶ ነበር፣ የቤት ብድር ወለድ ግን እንዲያውም ጨምሮ ወደ 7 ፐርሰንት ተጠግቶ ነው ዓመቱ ያለቀው፣ ስለዚህ ሎካቸው ቢያልፍ በወር የሚከፍሉት ይጨምርባቸዋል። መዘግየቱ በኛ በኩል ስለመጣ የሎክ ማራዘሚያውን እኛ ከፈልን። ኤጀንታችን እንኳን መጀመሪያ ግማሽ ግማሽ እንበላቸው ብሎ ነበር፣ ግን እነዚህ ሰዎች ሊዛቸው አልቆ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁን፣ አልሆንልኝም አልኩት።

ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባለውንም እወቁት። ገዢው የመጨረሻውን ሂሳብ ከክሎዚንጉ ሦስት የሥራ ቀን በፊት ማግኘት አለበት፣ ለዚህ ሲቆጠር ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሁድና የፌዴራል በዓል አይቆጠርም። ጃንዋሪ 1 በመሀል ስለገባ የኛ ገዢዎች ሰኞ ዲሴምበር 30 ተቀብለው ዓርብ ጃንዋሪ 3 ነው መፈረም የቻሉት። ያ ሂሳብ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ወደ ሌላ ሳምንት ይሄድ ነበር፣ እሁድ ማታ በረዶው ጀመረ፣ ሰኞ ጃንዋሪ 6 አካባቢው በሙሉ ተዘግቶ ዋለ።

ስለዚህ እናንተ በዚህ ወቅት ልትሸጡ ካሰባችሁ ገና ሊስት ሳታደርጉ ታይትል ሰርች አሠሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ቤታችሁ ኤች ኦ ኤ ካለው የሪሴል ዶክመንቱንም (የማኅበሩን ደንብና ሂሳብ የያዘውን ወረቀት) ቀድማችሁ እዘዙ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ገዢው እሱን ካገኘ በኋላ ውሉን የሚያፈርስበት 5 ቀን አለው፣ ዶክመንቱ እስኪመጣ ቀኑ መቆጠር አይጀምርም። የካውንቲው የንብረት ታክስ ሁለተኛው ክፍያ ዲሴምበር 31 ነው፣ ከኤስክሮው (ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያችሁ ለታክስ ከሚያስቀምጠው) ተከፍሏል ወይስ በክሎዚንጉ ይቆረጣል ብላችሁ ጠይቁ። የትራንስፈር ታክስም (ቤቱ ወደ ገዢው ሲዛወር የሚከፈል) አለ፣ የስቴቱ 0.5 ፐርሰንት የካውንቲው 1 ፐርሰንት፣ 500,000 በሚሸጥ ቤት 7,500 ዶላር ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከገዢ ጋር ይካፈሉታል። ብር የሚላክበትን አካውንት የሚቀይር ኢሜይል ከመጣላችሁ ደሞ በፍጹም እንዳታምኑ፣ ራሳችሁ ከድሮ የምታውቁት ቁጥር ላይ ደውሉ፣ በበዓል ሰሞን ሰው ሲቻኮል ነው ሌባ የሚገባው።

እንደኛ ከስቴቱ የምትወጡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ አለ። ሜሪላንድ ነዋሪ ያልሆነ ሻጭ ላይ ከሽያጩ ቀድሞ ታክስ ይይዛል። ቤቱ ዋና መኖሪያችሁ ከነበረ፣ ማለት ካለፉት 5 ዓመታት 2ቱን ከኖራችሁበትና በስቴቱ መዝገብም እንደዛ ከሆነ፣ ያንን የሚያረጋግጥ ፎርም ክሎዚንግ ላይ ፈርማችሁ አይያዝባችሁም። ባለቤቴ ዳላስ ለመሄድ መኪናውን ጭኖ ሊወጣ ሲል ነው ይሄን ፈርሞ የሄደው፣ ታይትል ካምፓኒው ቀድሞ ባያስታውሰን ብራችን እስከ ታክስ ጊዜ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። በፌዴራል ደሞ ያው የ2 ዓመቱ ነገር ነው፣ ላላገባ እስከ 250,000 አብረው ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ትርፍ ታክስ የለውም። ክሎዚንጋችን ወደ ጃንዋሪ ስለገፋ ሽያጩ የሚገባው የ2025 ታክስ ላይ ነው እንጂ የ2024 ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ሴትልመንት ስቴትመንቱን (የሽያጩን የመጨረሻ ሂሳብ) እና ለቤቱ ያወጣችሁትን የጥገና ደረሰኝ በሙሉ ከሚጓዘው ካርቶን ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ በእጃችሁ ይዛችሁት ሂዱ።