እምዬ ከምድጃ ያወጣቻቸው ገጾች

ደብረ ብርሃን ዛሬ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የመንዝ ባናዬን ደርቤ ሻማ አብርቼ የማነበው ነገር ስፈልግ ትራሴ አጠገብ አምስት መጽሐፍ አገኘሁ፣ አምስቱም ተጀምረው ያላለቁ። አንዱ የአውቶቡስ ትኬት ተሰክቶበታል፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ ደሞ መቼ እንደከተትኩት የማላስታውሰው የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል። የኔ ንባብ እንግዲህ እንዲህ ነው፣ መሃል ላይ ገልጬ ከጣመኝ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ፣ ካልጣመኝ ትራስ ስር ይገባል። በሥርዓት የማነበው ዳዊት ብቻ ነው፣ የሰኞን ሰኞ የማክሰኞን ማክሰኞ፣ እሱም እንቅልፍ ካልጣለኝ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ልቦለድ አልነካም ብዬ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ የነፍስ አባቴም አላሉኝም። እውነት ለመናገር አልነካሁም፣ ግን በሱ ቦታ ምን ገባ መሰላችሁ? ስልክ። ማታ ማታ ባናው ውስጥ ተጠቅልዬ ሰውና ሰው ሲሰዳደብ፣ እገሌ እገሌን አዋረደው የሚል ቪዲዮ ምናምን እያየሁ ሌሊት ስድስት ሰዓት ይሆናል፣ ጠዋት ተነስቼ ደሞ ልቦለድ ስላላነበብኩ የጾምኩ ይመስለኛል። ጾሙ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የታየኝና ለራሴ የሳቅኩት።

ይሄ ዓለማዊ መጽሐፍ የሚባል ነገር እኔ ላይ የቆየ ታሪክ አለው። 17 ዓመቴ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤት በጣም ሲሪየስ ነበርኩ፣ ጉባኤ ላይ የመጣ ሰባኪ ልቦለድ የነፍስ መርዝ ነው አለ፣ እኔ ደሞ በዛን ጊዜ አንድ ነገር ከተባልኩ ነገ አልልም፣ የዛኑ ቀን ቤት ገብቼ ካርቶን ውስጥ ያሉትን 11 ልቦለዶች ተሸክሜ ማድ ቤት ገባሁ። አያቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ ኩበቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ዓይን ያጠፋል። እየቀደድኩ ከምጣዱ ስር መማገድ ጀመርኩ፣ ወረቀቱ ቦግ ሲል መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር።

"ምንድነው እሱ?" አለችኝ።

"የማይረባ መጽሐፍ ነው እምዬ።"

"ፊደል አለው?"

"አለው።"

"ፊደል ያለውን ነው የምትማግደው? አንተ ልጅ ምን ነካህ! የእግዜር ስም በምን ይጻፋል፣ በዚሁ አይደል?"

ብላ እጇን ከምጣዱ ስር ሰደደች። በባዶ እጇ! ያወጣችውን በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች አጠፋችው፣ በሊጥ ያሰፋችው እንጀራ እስከዛ አርሮ ነበር። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ዳዊቱን ግን ጎረቤት ሲደግም በጆሮዋ እየሰማች ብዙውን በቃሏ ይዛዋለች፣ ስለዚህ ለሷ የተጻፈ ነገር ሁሉ የዳዊት ዘመድ ነው። በወቅቱ የመሃይም ነገር ብዬ ተናደድኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ሳስበው ሰባኪውም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። የሚያቆሽሽ ጽሑፍ አለ፣ አንብቤዋለሁ፣ ወራት ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ። ግን ጳውሎስ አቴና ቆሞ የግሪኮችን ባለ ቅኔ ጠቅሶ "እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና" ሲል (ሐዋ. 17፥28) ያ ስንኝ መጀመሪያ ስለ ግሪኮቹ ጣዖት ስለ ዜውስ የተገጠመ ነው። አንብቦ ነው፣ በቃሉ ይዞ ነው የጠቀሰው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዓመት አረማውያን የጻፉትን ለሚማሩ ወጣቶች ሲመክር እንደ ንብ ሁኑ ይላል፣ ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም ሁሉን ተሸክማ አትሄድም፣ የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች።

ይቺን የንብ ነገር በጣም ወድጃት ለሁሉም ሰው ስናገር ከርሜ አንድ ጊዜ ጣርማበርን ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ደብረ ሲና አጎቴ ጋ ሄጄ ለሱም ነገርኩት። አጎቴ ንብ ያረባል። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ እጄን ይዞ ወደ በረቱ ወሰደኝና ከብቶቹ የሸኑበትን ጭቃ አሳየኝ። ንቦቹ ረግረጉ ላይ ተኮልኩለው ይመጥጣሉ፣ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ ይላል። "ጨው ፈልጋ ነው፣ በጋ በጋ እንዲህ ታደርጋለች፣ ማሩን ግን ከዚህ አይደለም የምትሠራው" አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ እዛው ቆሜ ቀረሁ። ባስልዮስ ይሄን አይቶ ይሆን እያልኩ።

እምዬ ያረፈች ጊዜ ደሞ በአርባዋ ተዝካር ቤተሰቡ ሊጣላ ደረሰ። በሬ ይታረድ፣ ጠላው ይጠመቅ፣ አረቄው ይምጣ የሚለው ብዙ ነው፣ ገንዘቡ ግን ብድር ነው። እኔ በዛ ሰሞን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አዲስ ዓለም የሚባለውን ልቦለድ እያነበብኩ ነበር። ሰውዬው የኛው ናቸው፣ መርሐቤቴ ነው የተወለዱት፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው፣ መጽሐፉ በ1925 የታተመ ነው። ባለታሪኩ አወቀ ደሞ የተጉለት ልጅ ነው፣ ፓሪስ ተምሮ ይመለስና አባቱ ሲሞት ከዘመዶቹ ጋር በተዝካር ይሟገታል። ቤተ ክርስቲያንን እንተው አይልም፣ የለመድነውን ድግስ ከሃይማኖቱ ለዩት ነው የሚለው። እኔም እንግዲህ አወቀን ሆኜ ተነሳሁ። ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው ይበቃል፣ የተረፈውን ለነዳያን እንስጥ፣ ስካሩ ባህል እንጂ ሃይማኖት አይደለም አልኩ። ደህና አድርጌ ተናገርኩ።

አክስቴ ቀና ብላ አይታኝ "አንተ ፈረንሳይ አገር ደርሰህ ነው እንዴ የመጣኸው?" አለችኝ። መጽሐፉን አይታው አታውቅም እኮ! ሳቄ መጣና ክርክሬ እዛው ሞተ።

ተደገሰ። ዕዳው እስከ ዛሬ ሙሉ ለሙሉ አልተከፈለም፣ በሱ ትክክል ነበርኩ፣ አሁንም አልለቅም። ግን በበሩ በኩል የተቀመጡትን ነዳያን ለማስተናገድ እንጀራ ተሸክሜ ስወጣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ "የማናት ተዝካር ናት?" አሉኝ፣ ስሟን ስነግራቸው "ይቺማ ሐሙስ ሐሙስ ንፍሮ የምትሰጠኝ" ብለው ቁራሹን ከመጉረሳቸው በፊት ስሟን እየጠሩ ነፍስ ይማር አሉ፣ ረጅም፣ እጃቸው ላይ ወጡ እየተንጠባጠበ። እኔ ከመጽሐፉ ክርክሩን ብቻ ነበር የያዝኩት። ብር በፖስታ ብንሰጣቸው ኖሮ የማን ተዝካር እንደሆነ ይጠይቁ ነበር? እንጃ።

ከሳምንት በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት መቁጠሪያዋ፣ የጠበል ጠርሙስ፣ ከነሱ ስር ደሞ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር። ፈታሁት። ዙሪያቸው የጠቆረ ስድስት ገጾች፣ እስካሁን ጭስ ጭስ ይላሉ። ያኔ ያወጣቻቸው ናቸው። ስንት ዓመት ከመቁጠሪያዋ ጋር አስቀምጣቸው። ያነበብኩትን ስነግራችሁ፣ አንድ ወጣት በሌሊት ከአጥር ስር ተደብቆ ሴቲቱ እስክትወጣ ይጠብቃል፣ ውሻው እንዳይጮህ ሥጋ ይዞለታል፣ በሩ ሲንቋቋ ልቡ... እዛ ላይ ተቃጥሏል። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። እምዬ ይሄን ይሆን ስትሳለመው የኖረችው?

ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ይገስጹኛል ብዬ ነበር፣ ትንሽ ዝም ብለው "ታዲያ ወጣች?" አሉኝ።

አላውቅም። ርዕሱም ተቃጥሏል፣ ከ11ዱ የትኛው እንደነበር ጠፍቶኛል። አሁን ሻማው ሊያልቅ ነው፣ ነገ ገበያ አሮጌ መጽሐፍ የሚያነጥፈው ልጅ ጋ ገጾቹን ይዤ ሄጄ አንድ በአንድ አስተያያለሁ።